ከበየዳ እስከ ሁለተኛው ቀጠሮ

ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው፦ «ጸበል ልውሰዳት ወይስ ሐኪም ቤት?» ጠያቂው ባል ነው፣ ወንድም ነው፣ አንዳንዴም ሕመሙ የያዛት ሴት ራሷ ናት። የበየዳ ወረዳዋ ድል ይብዛም ደባርቅም፣ ዳባት ገበያም ጎንደር መናኸሪያም ጥያቄው ይኸው ነው። እኔም የምመልሰው በጥያቄ ነው፦ «ለሁለተኛው ቀጠሮስ ማን ይዟት ይመለሳል?»

የመጀመሪያው ጉዞ ምንም ቢሆን አይቀርም። ዘመድ ያዋጣል፣ በግ ይሸጣል፣ ጎረቤት ከብቱን ይጠብቃል። ሰው የሚጠፋው ከዚያ በኋላ ነው። መድኃኒቱ ያልቃል፣ ክረምቱ ይገባል፣ «አሁንማ ደህና ነኝ» ይባላል። በሦስተኛው ወር ሕመሙ ብሶበት ሲመጣ ደግሞ «ሐኪምም ሞክረን ነበር፣ አልሆነም» የሚል ወሬ በአገሩ ይዛመታል። የሚቀጥለው ሰውም ያንን ሰምቶ ከቤቱ አይነሳም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን ደረጃዎች ሲያነቡ ሁሉንም ከሁለተኛው ቀጠሮ አንጻር ይመልከቷቸው። የጻፍኩት ለታማሚውም ለአስታማሚውም ነው፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱ ሰዎች አንድ ናቸውና።

1. ሁለት ሳምንት ይመዝግቡ

የሚያስፈልግዎ አንድ የደብተር ቅጠልና እስክሪብቶ ነው። መጻፍ ካልቻሉ ተማሪ ልጅ ያጽፉ። ልጁ እንዲሰማ የማይፈልጉት ነገር ከሆነ በየማታው መስመር ብቻ ያስምሩ፦ ለክፉ ቀን አንድ፣ ለባሰው ቀን ሁለት።

ስንት ሰዓት ተኙ፣ ስንት ሰዓት ነቁ? እህል ቀመሱ ወይ? የጀመሩትን ሥራ ጨረሱ? ቡና ሲጠሩ ሄዱ ወይስ ቀሩ? ጸሎት ማድረስ ቻሉ? ይህን ያህል ይበቃል።

ለምን መሰለዎ? በእኛ አገር ሰው ጭንቀቱን የሚናገረው በአካሉ ነው። «ልቤን ያፍነኛል»፣ «ራሴን ይወርረኛል»፣ «ሰውነቴን ያቃጥለኛል» ይላል። ባለሙያው ደጁ ላይ የተሰለፈውን ሰው እያየ ይህን ብቻ ከሰማ የጨጓራ ክኒን ጽፎ ይሸኛል። «ልቤን ያፍነኛል፤ ከሦስት ሳምንት ወዲህም ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከነቃሁ አይኔን አልከድንም፤ የራሴን ከብት ማየት አስጠልቶኛል» ቢሉት ግን እስክሪብቶውን አስቀምጦ ቀና ብሎ ያየዎታል።

ሁለት ሳምንት ያልኩትም ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ሁለት ቀን መከፋት የማንም ሰው ነው። ሐዘኑ፣ ድካሙና የነገር ማስጠላቱ ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ አብዛኛውን ቀን ካልለቀቀና ሥራ ካስፈታ ባለሙያዎች እንደ ድብርት ሕመም አድርገው ማየት ይጀምራሉ።

የተለመደው ስሕተት ፍርዱን ይዞ መሄድ ነው፦ «ዓይነ ጥላ ነው»፣ «መተት አድርገውባት ነው»። ሰዉ የሚለውን ለባለሙያው አይደብቁ፤ ይንገሩት። ግን ያዩትን ያስቀድሙ፣ የተባለውን ያስከትሉ።

2. ሁለት ሳምንት የማይጠበቅለትን ይለዩ

ከዚህ በታች ያለው ከታየ ደብተሩን ይተዉትና ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ቤት ይነሱ። እህልና ውሃ እምቢ ያለ ሰው፣ «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ሰው፣ «ግደል» ወይም «ተወርወር» የሚል ድምፅ የሚሰማው ሰው፣ ከወለደች ሳምንታት ያልሞሏት ሆና እንቅልፍ አጥታ የምትቀባጥር ወይም ልጇን የምትፈራ አራስ፣ ትኩሳት ይዞት የሚዘባርቅ፣ ጭንቅላቱን ተመትቶ ጠባዩ የተለወጠ፣ የሚጥል በሽታ ለመጀመሪያ ጊዜ የጣለው ሰው። ትኩሳት ያለበት ሰው ሲዘባርቅ ወባ ወይም የማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል፤ በተለይ ከቆላ የቀን ሥራ የተመለሰ ከሆነ ለአንድ ሌሊትም አይታደርም።

ስለ ሞት ያወራን ሰው በግልጽ ይጠይቁት፦ «ራስህን ልትጎዳ አስበሃል?» መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፤ ያለውን ያወጣለታል። «ለማስፈራራት ነው» ብለው አይለፉት። ቤት ውስጥ ጠመንጃ ካለ ለወንድም ወይም ለጎረቤት ይስጡ። የተባይ መድኃኒቱም ከቤት ይውጣ። በእኛ ገጠር ሁለቱም ምሰሶው ላይ ተሰቅለው ይኖራሉ፤ ክፉ ሰዓት ደግሞ አጭር ናት። እሷን ለማሳለፍ የሚጠቅመው ነገሩ በእጅ አለመገኘቱና አጠገብ ሰው መኖሩ ነው።

3. የንስሐ አባትዎን ከሐኪሙ በፊት ያነጋግሩ

ይህን ደረጃ ብዙ የጤና መመሪያ ይዘለዋል። እኔ ደግሞ ረዘም አድርጌ እቆምበታለሁ፤ ሕክምናው የሚጸናውም የሚፈርሰውም እዚህ ላይ ነውና።

በየዳ ላይ ለጨነቀው ሰው የመጀመሪያው በር ቤተ ክርስቲያን ነው። ይህ ነውር የለበትም። ችግሩ የሚመጣው ከሐኪም ተመልሶ ጸበል የገባው ሰው «መድኃኒቱን ካልተውክ አይሠራልህም» ሲባል ነው። ስለዚህ አስቀድመው የንስሐ አባትዎን ይዘው ይቁሙ። እርሳቸው «ሁለቱንም ያዝ» ካሉ ሌላው የሚለው አያናውጥዎትም። አባ ቢያመነቱ አንድ የታወቀ ነገር ያንሱላቸው፦ በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ እንጦጦ ማርያም ጸበል የሚጠመቁ የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጸበሉ ጋር አብረው እንዲወስዱ በይፋ ተናግረዋል። ለዚያ ሕመም የተፈቀደው ለዚህኛው የሚከለከልበት ምክንያት አይታየኝም።

ከአባ ጋር የሚጨርሷቸው ጉዳዮች አሉ። አንዱ ጾም ነው። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን ከጾም ታሰናብታለች፤ ፈቃዱን ግን ከእርሳቸው አፍ ይስሙ፣ አለበለዚያ ክኒኑን በዋጡ ቁጥር ኅሊናዎ ይወቅስዎታል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ በዚህ ሁሉ ቀን መድኃኒት ያቋረጠ ሰው ፋሲካን ታሞ ይውላል። እንደ ዕድል ሆኖ ለድብርት የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊንም ሆነ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኖባርቢታል ብዙ ጊዜ ማታ አንዴ የሚዋጡ ናቸው፤ ከጾሙ ጋር አይጋጩም። ሙስሊም አንባቢዬም ቢሆን በረመዳን ሰዓቱን ወደ ኢፍጣር ወይም ወደ ሱሁር ማዛወር ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ከሼሁም ጋር እንዲሁ ይማከር።

ሌላው ጸበሉ ራሱ ነው። ብዙ ጠጥቶ ማስመለስ የተለመደ ስለሆነ ክኒን ከዋጡ በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ይቆዩ፤ አለበለዚያ መድኃኒቱ አብሮ ይወጣል። የሚጥለው ሰው ብቻውን ውሃ ውስጥ አይግባ፤ ሰው ይያዘው። የስሜን ንጋት ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ከጥምቀት በኋላ ደረቅ ጋቢ ወይም ባና ይዘጋጅ።

ሦስተኛው ሰንሰለት ነው። ታስሮ፣ ተገርፎ፣ ተርቦ የዳነ ሰው አላውቅም፤ በእግር ብረት ቁስል መርቅዞበት ሐኪም ቤት የደረሰ ግን አይቻለሁ። ሰውየው አስቸጋሪ ስለሆነ ነው የታሰረው ካሉ፣ ሐኪም ጋ መፍጠን ያለበት ለዚሁ ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ነፍስ ጭንቅ። «እግዚአብሔር ትቶኛል» የሚል ሰው ምን ይያዝ? ከብዙ ሰው ጋር ተጫውቼ የደረስኩበት መለያ ይህ ነው፦ በደሉ የከበደው ሰው ንስሐ ገብቶ ቀኖናውን ሲፈጽም ይቀለዋል፣ ፊቱ ይፈታል። በድብርት የተያዘ ሰው ግን ሰግዶም፣ ጾሞም፣ «ይፍታህ» ተብሎም ያው ነው፤ ይልቁንም ያልሠራውን ኃጢአት እየፈለገ ይናዘዛል። መቁጠሪያውን «ተሳሳትኩ» እያለ አሥር ጊዜ ከራሱ የሚጀምር፣ እጁን እስኪቆስል የሚታጠብ፣ በቅዳሴ መካከል የስድብ ሐሳብ እየመጣበት የሚሸበር ሰውም አለ። ይህ ወስዋስ ነው፤ እምነት ማነስ አይደለም፤ ሕክምና አለው። እንዲህ ያለው ሰው ስግደት የሚጨምሩበት ሳይሆኑ የሚቀንሱለት አባት ያገኘ እንደሆነ ታድሏል።

4. ወረቀቱን ይያዙ

ከጤና ኬላ ይጀምሩ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መድኃኒት ባትሰጥም ወደ ጤና ጣቢያ ትልክዎታለች፤ በኋላም ቀጠሮዎን የምታስታውስዎ እርሷ ናት። ጤና ጣቢያ ሲደርሱ «በአእምሮ ጤና የሠለጠነ ነርስ ወይም ጤና መኮንን አለ?» ብለው ይጠይቁ። የዓለም ጤና ድርጅት ስፔሻሊስት ለሌለበት ቦታ ባዘጋጀው መመሪያ ድብርትን፣ የሚጥል በሽታንና ከባዱን የአእምሮ ሕመም እንዲያክሙ በአንዳንድ ጤና ጣቢያዎች ሥልጠና የወሰዱ አሉ። ካገኙ ደባርቅ ድረስ መድከም ላያስፈልግዎ ይችላል።

ካልሆነም ሪፈር ያጽፉ። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን ካለዎ ይህ ወረቀት ገንዘብ ነው፤ ደረጃውን ዘለው በቀጥታ ጎንደር ቢወርዱ መድህኑ ላይከፍልልዎ ይችላል። የመድህን ደብተሩ ለዓመቱ መታደሱን፣ የታማሚው ፎቶና ስም መግባቱን ከመነሳትዎ በፊት ይዩ። ከመታወቂያው ጋር የቀድሞ የሐኪም ወረቀቶችንና ያለቁ መድኃኒቶችን ባዶ ማሸጊያ አንድ ፌስታል ውስጥ ይክተቱ። «ነጭ ክኒን ነበር» ማለት ለሐኪሙ ምንም አይነግረውም፤ ነጭ ያልሆነ ክኒን ጥቂት ነው።

5. ጉዞውን ለሁለት ጊዜ ያስሉ

ከድል ይብዛ ደባርቅ የሚወስደው መንገድ የቧሂትን ተራራ አቋርጦ፣ በጨነቅና በሳንቃ በር፣ በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያልፋል። ቱሪስት ጭላዳ ዝንጀሮና ዋልያ ሊያይ የሚከፍልበትን መንገድ እኛ በአይሱዙ ላይ ተጭነን እንሻገረዋለን። ለጨነቀው ሰው ጉዞው ራሱ ፈተና ነው፤ ከፍታው ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ልብ ያስመታል፣ ድንጋጤ ያለበትን ሰው «አሁን ልሞት ነው» ያሰኘዋል። አስቀድመው ይንገሩት። ሲጀምረውም ቀስ ብሎ በአፍንጫ እንዲያስገባ፣ ካስገባበት በረዘመ ጊዜ በአፉ እንዲያስወጣ ያድርጉት። አብረውት ይተንፍሱ።

ሒሳቡን ሲሠሩ መሄጃና መመለሻ፣ ደባርቅ አንድ ሁለት አዳር፣ ምግብ፣ መድህኑ የማይሸፍነው መድኃኒት፣ ከዚያም ይህንኑ እንደገና። አዎ፣ እንደገና። ለሁለተኛው ቀጠሮ የሚሆነውን ከአሁኑ ለይተው ታማኝ ሰው ጋ ያስቀምጡ። የመጀመሪያው ጉዞ ላይ ያለውን ሁሉ ማራገፍ በዚህ ጉዳይ ከማውቃቸው ስሕተቶች ሁሉ ውዱ ነው። በሬ ሸጦ አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል ደርሶ፣ የአንድ ወር መድኃኒት ይዞ ተመልሶ፣ ከዚያ ወዲያ ያልታየ ስንት ሰው አለ! አማኑኤል የአገሪቱ አንጋፋ የአእምሮ ሆስፒታል ነው፤ ነገር ግን ደባርቅ ወይም ጎንደር በየወሩ የሚያዩት ሐኪም በዓመት አንዴ ከሚያዩት የአዲስ አበባ ፕሮፌሰር ይበልጥዎታል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሳይካትሪ ክፍል አለው፣ ባለሙያም ያሠለጥናል።

ከመነሳትዎ በፊት ወደሚሄዱበት ሆስፒታል ደውለው ወይም ሰው ልከው የአእምሮ ክፍሉ በየትኞቹ ቀናት እንደሚሠራ ይጠይቁ። ዓርብ ከሰዓት ደርሶ እስከ ሰኞ አልጋ መክፈል ያናድዳል።

አብሮ የሚሄደው ሰው ማን ይሁን? የሚጮኸው፣ የሚቆጣው፣ ሁሉን አውቃለሁ የሚለው ይቅር። ታማሚው የሚያምነው፣ ስልክ ያለው፣ ለሁለተኛውም ቀጠሮ መመለስ የሚችል ሰው ይሁን።

6. ሐኪሙ ፊት

የሚያገኙት ሰው የሳይካትሪ ነርስ፣ ሳይካትሪስት ወይም ሳይኮሎጂስት ሊሆን ይችላል። ሳይካትሪስቱ ሐኪም ነው፣ መድኃኒት ያዝዛል። ሳይኮሎጂስቱ በንግግር ያክማል። በእኛ አካባቢ ግን ብዙውን የሚሠራው የሳይካትሪ ነርሱ ነው፤ «ሐኪም አይደለም» ብለው አይናቁት።

ወረቀትዎን አውጥተው ያንብቡለት። አስታማሚው ቀድሞ ከጀመረ ታማሚው አፉን ይዘጋል፤ ስለዚህ «ጥቂት ደቂቃ ብቻዬን ላናግርዎ» ማለት መብትዎ ነው። በተለይ ሴቶች። ባልዋ አጠገቧ ተቀምጦ «ቤት ውስጥ ምን ችግር አለ?» ቢባል ምን ትመልስ? በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ የደረሰባትን ለማንም ያልተናገረች እህትም አለች። ያንን ሁሉ በመጀመሪያው ቀን መዘርገፍ ግዴታዋ አይደለም፤ «የደረሰብኝ ነገር አለ፣ ዛሬ አልችልም» ማለቷ ብቻ ለሐኪሙ ይበቃዋል።

ደም እንዲመረመሩ ይጠይቁ። ይህ እንደ ትርፍ ነገር ይታያል፣ አይደለም። ደጋ አገር እንቅርት የተለመደ ነው፤ የእንቅርቱ ዕጢ ሥራው ሲያንስ ሰውን ያፈዝዛል፣ ያቀዘቅዛል፣ ያስተኛል፣ ድብርት ይመስላል። ሥራው ሲበዛ ደግሞ ልብ ያስመታል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ጭንቀት ይመስላል። የደም ማነስም፣ የሳንባ ነቀርሳም፣ ኤችአይቪም ጉልበትና ስሜት ያወርዳሉ። እነዚህ ሳይታዩ የሚሰጥ የጭንቀት መድኃኒት ጭለማ ውስጥ እንደሚወረወር ድንጋይ ነው።

ሳይጠይቁ አይውጡ፦ የሕመሙ ስም ማን ነው? የመድኃኒቱስ? በቀን ስንቴ፣ ከምግብ በፊት ወይስ በኋላ? መቼ መሥራት ይጀምራል? ምን ያህል ጊዜ ይወሰዳል? እርጉዝ ወይም የምታጠባ ከሆነች ሳትጠየቅ ትናገር። የሚጠጡትን ጠላና አረቄ፣ የሚቅሙትን ጫት መጠን ሳይቀንሱ ይናገሩ፤ ሐኪሙ የንስሐ አባትዎ አይደለም፣ ቀኖና አይሰጥዎትም።

የንግግር ሕክምናም ይጠይቁ። ብዙ ሰው «ክኒን ካልሰጠኝ ምን አከመኝ» ብሎ ያኮርፋል፤ ለቀላሉና ለመካከለኛው ድብርት ግን በሥርዓት የሚደረግ ምክር እንደ ክኒን ይሠራል። በየሳምንቱ መመላለስ እንደማይችሉ ይንገሯቸው። ወረዳዎ ድረስ ኔትወርክ ካለ በመካከሉ በስልክ መነጋገር ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ።

7. መድኃኒቱን ጊዜ ይስጡት

የድብርት መድኃኒት እንደ ራስ ምታት ክኒን ወዲያው አይሠራም። ለውጡ መታየት የሚጀምረው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። የጎንዮሽ ጉዳቱ ግን ከመጀመሪያው ቀን ይጀምራል፤ አሚትሪፕቲሊን አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ያንቀላፋል፣ ከተቀመጡበት ብድግ ሲሉ ያዞራል። ፍሉኦክሰቲን ሊያቅለሸልሽና እንቅልፍ ሊነሳ ይችላል፤ ስለዚህ ጠዋት ይወሰዳል። ብዙ ሰው የሚያቋርጠው በዚህች ክፍተት ውስጥ ነው፦ ጉዳቱ መጥቷል፣ ጥቅሙ ገና ነው።

ድምፅ ለሚሰማውና ለሚዘባርቅ ሰው የሚሰጠው ሃሎፔሪዶል አንዳንዴ አንገት ያዞራል፣ መንጋጋ ያቆልፋል፣ ዓይን ወደ ላይ ይሰቅላል። ይህን ያየ ቤተሰብ «ጋኔኑ ተቆጣ» ብሎ በቀጥታ ወደ ጸበል ሲሮጥ አውቃለሁ። የመድኃኒቱ ጉዳት ነው፤ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፣ ማርከሻ አለው፣ ቶሎ ይፈታል።

ፌኖባርቢታልን በአንድ ጊዜ ማቆም አደገኛ ነው፤ ሰውየውን ደጋግሞ ሊጥለውና ሊገድለው ይችላል። ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ይነሱ። የድብርቱን ደግሞ ከተሻለዎ በኋላም ከ9 እስከ 12 ወር ይቀጥሉ፤ የሚቆመውም በሐኪም ምክር፣ ቀስ በቀስ ነው። በአረቄ አይውሰዱ። ከመድኃኒት መደብር ያለ ትእዛዝ የእንቅልፍ ክኒን አይግዙ፤ ሰውነት ይለምደዋል፣ ያለ እሱ እንቅልፍ እምቢ ይላል። የወሩን መድኃኒት አስታማሚው ይያዝ፣ ሳጥን ውስጥ ይቆለፍ። አሚትሪፕቲሊን ባንድ ጊዜ ብዙ ከተወሰደ ልብ ያቆማል፤ ቤት ውስጥ ልጅ ካለ ይህን አይርሱ።

8. ሁለተኛው ቀጠሮ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ሐኪሙ ቀጠሮውን በቁጥር ሲጽፍልዎ እዚያው በበዓል ያስሩት፦ «በሚካኤል ማግስት»፣ «በማርያም ዋዜማ»። ቁጥር ይረሳል፣ ሚካኤል አይረሳም።

ወቅቱን ይንገሩት። በክረምት መንገዱ ጭቃና ጭጋግ መሆኑን፣ በአጨዳ ጊዜ ገብሱን ጥለው መውጣት እንደማይችሉ ጎንደር የተቀመጠ ሐኪም ላያውቅ ይችላል። ካወቀ፣ ሁኔታዎ ከፈቀደም፣ የሁለት ወይም የሦስት ወር መድኃኒት ሊሰጥዎ ወይም ቀጠሮውን ከሰኔ በፊት ሊያደርገው ይችላል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ለጤና ጣቢያዎ የመልስ ደብዳቤ ማጻፍ ነው፤ የሕመሙ ስም፣ የመድኃኒቱ ስምና መጠን፣ የሚቀጥልበት ጊዜ ያለበት። ያንን ይዘው ሲመለሱ ነርሱ በቅርብ ይከታተልዎታል፤ መድኃኒቱ እዚያ ካለም ቧሂትን በየወሩ መሻገር ይቀራል። ደብዳቤውን ሳይጠይቁት የሚሰጥ ብዙ አይደለም፤ ይጠይቁ።

ቢሻለዎም ይሂዱ። እኔም አንዲት አክስቴን አጅቤ ተመላልሻለሁ። ሦስተኛው ወር ላይ «እኔማ ድኛለሁ፣ ያቺን ብር ለዘር እናድርጋት» አለችኝ፤ እኔም ልቤ ደስ ብሎት እሺ አልኩ። በሚያዝያ የተውነው በሐምሌ መጣ፣ በሐምሌ ደግሞ መንገድ የለም። ያንን ክረምት እንዴት እንዳለፍነው አሁንም ሳስበው ይጨንቀኛል።

ቀጠሮ ካመለጠዎ አፍረው አይቅሩ። በሚቀጥለው ቀን ይሂዱ። የሚቆጣ ባለሙያ ይኖራል፤ ይቆጣና ያክማል።

9. በሁለቱ ቀጠሮዎች መካከል ያለው ኑሮ

ጽናት የሚገነባው እዚህ ነው፣ በተራው ቀን ውስጥ። በቀን አንድ ሥራ ብቻ ይያዙ፤ ትንሽ፣ የሚያልቅ። ደጅ መጥረግ፣ አንድ እንስራ ውሃ፣ የአንድ በግ እግር ማየት። «ደስ ሲለኝ እሠራለሁ» ካሉ ደስታው አይመጣም፤ በዚህ ሕመም ሥራው ይቀድማል፣ ደስታው ይከተላል። ጠዋት ፀሐይ ይሙቁ። ማታ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ይተኙ፣ እንቅልፍ ባይመጣም ጠዋት በተመሳሳይ ሰዓት ይነሱ፤ ከቀትር በኋላ ቡና ይቀንሱ።

ቡና ይቀንሱ አልኩ እንጂ ከቡናው ላይ አይቅሩ። ሲኒውን ባይጠጡም ይቀመጡ። ድብርት መጀመሪያ የሚነጥቀው ሰው ነው። ሰንበቴውን፣ ጽዋውን፣ እድሩን አይተዉ፤ መናገር ካልቻሉ ዝም ብለው ይዋሉ። ጎረቤቶችም ይህን ይወቁ፦ «ተጫወች እንጂ»፣ «ስንቱ ተርቦ አንቺ ምን ጎደለሽ» የሚሉት ምክር ቢቀር ይሻላል። «ነገ ውሃ አብረን እንውረድ» ይበሉ።

ሐዘን ለያዘው ሰው ባህላችን ራሱ ደረጃ አለው፦ ለቅሶው፣ ሰባቱ፣ አርባው፣ ተዝካሩ። ሐዘን በራሱ በሽታ አይደለም፣ በመድኃኒትም አይታፈንም። የሚከብደው እርም ያልወጣለት ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ጦርነቱ ዳባትና ደባርቅ ድረስ ሲዘልቅ፣ በዳባት ወረዳ ጭና ቀበሌ ያ ሁሉ ሰላማዊ ሰው ሲገደል፣ ከዚያም ወዲህ በነበሩት ውጊያዎች፣ የወጣ ልጁ ይኑር ይሙት ያላወቀ፣ አስከሬን ያላገኘ ቤት አለ። እንዲህ ያለ ቤት አይቀብርም፣ አይጠብቅም፤ መካከል ላይ ይቆማል። ለእነርሱ «እርማችሁን አውጡ» ብሎ መቸኮል አይገባም። የንስሐ አባታቸውን አማክረው በስሙ ጸሎት ማስደረግ፣ የሚታወስበትን አንድ ቀን መወሰን፣ ልብሱን ማጠብና ማስቀመጥ የተሸከሙትን ጥቂት ያቀልላቸዋል። ቁርጡን ለማወቅ አይገደዱ። ዓመት አልፎት ግን እናት አሁንም እህል የማትቀምስ፣ ከመደብ የማትነሳ ከሆነች ወደ ደረጃ 1 ይመለሱ፤ ደብተሩን ያውጡ።

በመጨረሻ አንድ ወረቀት ያዘጋጁ። በላዩ ላይ ሕመሙ ሲመለስ መጀመሪያ የሚታየውን ነገር ይጻፉ፤ ለአንዱ ሌሊት መንቃት ነው፣ ለሌላው ከቤተ ክርስቲያን መቅረት፣ ለሌላው ብር ሳይቆጥሩ ማውጣት። ከሥሩ የመድኃኒቱን ስምና መጠን፣ የነርሱን ስልክ፣ ብሩ የተቀመጠበትን ሰው ስም ያስፍሩ። አንዱን ከመድህን ደብተሩ ጋር ያኑሩት። ሌላውን ስልክ ያለው ልጅ ፎቶ ያንሳውና ለሚያጅብዎ ሰው ይላክለት፤ ወረቀትን አይጥ ይበላዋል።